ጠመኔው ላይ ቁሚ

አዴ አያንቱ ማረፏን የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ከልጄ ጋር ከተኳረፍን በሦስተኛው ቀን።

የደወለው ኦቦ ቶሌራ ነው። ኦቦ ቶሌራ ዕድሜውን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ስለሆነ ስልክ ላይም የሚያወራው ሞተር እየሠራ እንዳለ አድርጎ ነው። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ክንድ ያህል አርቄ ነው የማናግረው።

«ያ ዘርፌ! አለሽ?»

«አለሁ ኦቦ ቶሌራ። ምነው በጠዋቱ?»

«አያንቱን አጣናት። ተኝታ አልነቃችም። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት፣ እዚያው ቢላ ነው። እኔ አሁን ልሳፈር ነው። አንቺ እንደማትመጪ አውቃለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሚኝ ብዬ ነው የነገርኩሽ።»

እጄ ላይ የነበረውን የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ አስቀመጥኩ። ቀና ስል ልጄ ቦንቱ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። ኦቦ ቶሌራ ሲደውል ለአንድ ሰው አይደለም የሚደውለው፤ ለሰፈሩ ነው።

«ቢላ?» አለች።

«ቢላ» አልኩ።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ የዚያች ከተማ ስም አይነሳም ነበር። ቦንቱ የመጨረሻ ልጄ ናት። ነርስነት ተምራ ጨርሳ፣ ሥራ ስትጠብቅ ከርማ፣ ምደባው ሲመጣ ቢላ ጤና ጣቢያ ደረሳት። እስከ ዓርብ ሄዳ ሪፖርት ካላደረገች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኩ። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። አሁን ደህና ነው ይሉኛል፤ እኔ ደህና ነው ሲሉኝ ይብስ እፈራለሁ። «አባትሽ የለም፣ ወንድሞችሽ በየአገሩ ተበትነዋል፣ አንቺን ለመንገድ አልሰጥም» ብዬ ደረቅሁ። እሷም «እሺ አዮ» ብላ ዝም አለች። የቦንቱን ዝምታ ከምሰማ ብትጮህብኝ ይሻለኛል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ለመናገር አላፍርም። ውሻ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ እፈራለሁ። ቦንቱ እዚሁ ነቀምቴ ስትማር እንኳን በቀን አምስት ጊዜ እደውልላት ነበር። ስልኳ ሲጠራ ጓደኞቿ ገና ሳያዩት «አዮ ናት፣ ቶሎ አንሺላት» ይሏታል።

በሕይወቴ የዚህን ፍርሃቴን ጥቅም ያየ አንድ ሰው ነው፤ አዴ አያንቱ። ስለዚህ ስለ እሷ ልጻፍ። በአማርኛ መጻፌን ብታይ ትስቅብኝ ነበር፤ እሷና እኔ ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነውና። ግን እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ስማር ትምህርቱ በአማርኛ ነበር፤ በቁቤ መጻፍ የሚያውቁት ልጆቼ ናቸው።

አዴ አያንቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ እዚሁ ነቀምቴ ከገበያው ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊት የስፌት መኪናዋ፣ ከኋላ መኖሪያዋ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ቁልፍ እንድተክልና ጠርዝ እንድዘመዝም እሷ ዘንድ ገባሁ። አባቴ የጎጃም ሰው ነበር፤ ወስዶ ሲያስረክበኝ «ልጅቷ ሥራ ታውቃለች፣ ነገር ግን ድንጉጥ ናት» አላት። እሷም «ድንጉጥ ሰው መቀስ አይጥልም፣ ጥሩ ነው» አለችው።

አጭር ሴት ነበረች። የልብስ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ ቤተክርስቲያንም ሰርግም እሱን እንደ ሐብል አንጠልጥላ ነው የምትሄደው። ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ በጥርሷ መሃል ታወራለች፤ እንግዳ ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚዘለው። እኔ መጀመሪያ ላይ አንቱ እላት ነበር። «አንቱ ስትይኝ ድምፅሽ ጎረቤት ሄዶ ይመለሳል፤ አንቺ በይኝና ቅረቢኝ» ብላ አስተወችኝ።

ፔዳሏን እየረገጠች ትዘምራለች። እኔም ጥግ ላይ ቁልፌን እየተከልኩ አብሬ አጉረመርማለሁ። አንድ ቀን ድንገት መኪናውን አቆመች።

«ምንድነው የምታደርጊው?»

ደነገጥኩ። ቁልፍ ያለ ቦታው የተከልኩ መስሎኝ ሸሚዙን ገለበጥኩ።

«ሸሚዙን ተዪው። አፍሽን ነው የምልሽ። ያን ማን አስተማረሽ?»

«ማንም አላስተማረኝም።»

«ታዲያ ለምን እኔ በምሄድበት አትሄጂም? ለምንድነው ከሥር ከሥር የምትሄጂው?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት። «ካንቺ እኩል ብዘምር ድፍረት ይሆንብኛል ብዬ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ይህን የምታደርገው ነገሩ ከባድ ሲሆን ነው።

«ማሎ!» አለች። «እሱ እኮ አልቶ ነው፤ ከዜማው ሥር የሚሄደው ድምፅ። ሰው ይህን ለማወቅ ዓመት ይማራል። አንቺ በፍርሃት አገኘሽው!»

ያኔ በእኛ አካባቢ ኳየር ማለት ሁሉም አንድ ዜማ ይዞ የሚሄድበት ነው። የቻለ ጮኾ፣ ያልቻለ ቀስ ብሎ፣ ከኋላ ጊታር ወይም ኦርጋን። አዴ አያንቱ ግን በልጅነቷ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ኦርጋን አጠገብ ተቀምጣ ያደገች ስለሆነች፣ አራት ሰው በአራት መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ መግባት እንደሚችል ታውቃለች። ያለ ጊታር፣ ያለ ኦርጋን፣ በአፍ ብቻ። የሚያምናት ግን አልነበረም። ዜማውን እሷ ያዘች፣ አልቶ እኔ ሆንኩ። ቴነር ኦቦ ገለታ ሆነ፤ አናጢ ነው፣ ድምፁ ቅቤ ነው፣ ችግሩ ሳቁን መያዝ አይችልም። ቤዝ ደግሞ ኦቦ ቶሌራ፤ ወፍጮ ቤት ቆሞ «ተረኛ!» ብሎ ሲጣራ ሰምታ እህሏን እንኳን ሳታስፈጭ ይዛው መጣች።

መጀመሪያ ቤተክርስቲያን ስንዘምር አንድ ሽማግሌ ተነስተው «ልጆቼ፣ አንድ መሆን አቅቷችሁ ነው?» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አዴ አያንቱ ግን ትከሻዋ እየዘለለ ወጣችና «ካሴት እናድርገው» አለች። «ሰው ደጋግሞ ሲሰማው ይገባዋል።»

እንግዲህ ያ ካሴት ነው በወለጋ ከተሞች ሁሉ የዞረው። ያለ መሣሪያ በአራት ድምፅ ተዘምሮ በካሴት ሲወጣ በእኛ አካባቢ ከእኛ በፊት ስለመኖሩ አልሰማሁም። ስቱዲዮ የሚባል ነገር ግን በዓይናችን አይተን አናውቅም። የነበረን ከአንድ አስተማሪ የተዋስነው ቴፕና በቆሎ የምታክል አንዲት ማይክ ናት።

የምንቀዳው በገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ዳገቱ ጭር ይላል፤ የሚጮህ ልጅ የለም፣ የሚፈልጥ ሰው የለም። በክረምት አይታሰብም፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ከኦቦ ቶሌራም ይበልጣል። ድምፁ እንዳያስተጋባ ደግሞ ግድግዳው ላይ ደንበኞች ያመጡት ጨርቅ ሁሉ ይሰቀላል። የአንዱ ካኪ፣ የአንዱ ሱፍ፣ የአንዷ ሙሽራ ቬሎ። አንድ አስተዳዳሪ ሱፉ ለምን እንደዘገየ ሊጠይቅ መጥቶ «ሱፌ ምን እየሠራ ነው?» ሲላት «እየዘመረ ነው» አለችው።

ማይኳ አንዲት ስለሆነች ብልሃቱ ያለው አቋቋማችን ላይ ነው። የጠነከረ ድምፅ ይርቃል፣ የቀጠነ ይቀርባል። አዴ አያንቱ ማይኳን ከጣሪያው ወራጅ አንጠልጥላ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ለእኔ ሰባ ሴንቲ። ለራሷ አንድ ሜትር። ለኦቦ ገለታ አንድ ሜትር ከሃምሳ። ኦቦ ቶሌራን እየለካች እየለካች በሩ ላይ ደረሰች።

«ደፉ ላይ ቁም» አለችው።

«አያንቱ፣ እኔ ሰው አይደለሁም? ከቤት ታስወጪኛለሽ?»

«አንተ ደጅም ሆነህ ውስጥ ነህ።»

ከዚያ በልብስ መለኪያ ጠመኔዋ የየአንዳንዳችንን እግር ዙሪያ መሬቱ ላይ አሰመረች። «ጠመኔው ላይ ቁሙ። ጣት እንኳን እንዳይወጣ» አለች። ሦስት መዝሙር ቀዳን። ቁጭ ብለን ስንሰማው የመጀመሪያው መዝሙር ላይ አራታችንም አለን። ሁለተኛው ላይ እኔ እየሳሳሁ ሄድኩ። ሦስተኛው ላይ ጭራሽ የለሁም።

«ቴፑ ነው» አለ ኦቦ ገለታ ለእኔ አዝኖ።

አዴ አያንቱ ዞር ብላ መሬቱን አየች። የእኔ ጠመኔ ባዶውን ተቀምጧል። እኔ የአስተዳዳሪውን ሱፍ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ለካ በዘመርን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እሸሻለሁ፤ ለራሴም አይታወቀኝም። ሜትሯን ከጠመኔው እስከ እግሬ ዘርግታ ለካችው። አንድ ሜትር ከሃምሳ።

«በአንድ መዝሙር ሃምሳ ሴንቲ» አለች ስፒሏን ከአፏ እያወጣች። «በዚህ አያያዝሽ ካሴቱ ሳያልቅ ጊምቢ ትደርሻለሽ።»

ኦቦ ቶሌራ ደፉ ላይ ሆኖ ሲስቅ ውሾች ጮኹ። እኔ አለቀስኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ «አትፍሪ»ም አላለችኝም። ሰው ሁሉ አትፍሪ ይለኛል፤ አትፍሪ የሚባል ሰው ግን ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው የለም። እሷ ያደረገችው ነገር፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማይኳን ፈታ ወደ ቤቱ ምሰሶ አስጠጋቻት። የእኔን ሰባ ሴንቲ ለካችና ጀርባዬን ምሰሶው ላይ አስደግፋ እግሬን አሰመረች።

«ፍሪ» አለችኝ። «እንደፈለግሽ ፍሪ። መሄጃ ግን የለሽም። ጠመኔው ላይ ቁሚ።»

በዚያ ቀን ነው ዶሮው የገባው። የምንቀዳው መዝሙር ኦቦ ገለታ የደረሰው ነው፤ ስለ ንጋት ነው የሚናገረው። መሃሉ ላይ «ባሪኤራ» የሚል ቃል አለው፤ ነግቷል ማለት ነው። ልክ ባሪኤራ ብለን ስንጨርስ የጎረቤት አውራ ዶሮ ኦቦ ቶሌራ እግር ሥር ቆሞ ጮኸ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምንም ሳያጓድል። ኦቦ ቶሌራ ዝም አለ። ኦቦ ገለታ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። አዴ አያንቱም አቆመች፤ እጇን ቴፑን ልታጠፋ ዘረጋች። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የነገሩኝ፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ምሰሶዬን ተደግፌያለሁ። ባለፈው ካሴት ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ባቆም ምን ልባል ነው ብዬ ፈራሁ። እንደፈራሁ አልቶዬን ብቻዬን ቀጠልኩ።

አዴ አያንቱ እጇን መለሰች። ከላይ መጣችልኝ። ከዚያ ቅቤው ድምፅ፣ ከዚያ ከደጅ ወፍጮው። አብረን ጨረስነው።

«እንድገመው?» አለ ኦቦ ገለታ።

«ለምን?» አለች። «ዶሮው ቦታው ላይ ነበር። እሷም ቦታዋ ላይ ነበረች።»

ካሴቱን እሷው ሁለት ቴፕ አፍ ለአፍ ገጥማ ነው የምታባዛው። አንዱ ሙሉ ካሴት እስኪገለበጥ አንድ ሱሪ ትሰፋለች። ሾፌሮች ይወስዱታል፤ ኡኬ ገባ፣ አኖ ገባ፣ ቢላ ገባ። ከዓመት በኋላ አኖ ሰርግ ተጠርተን ሄድን፤ እዚያ ያለው ኳየር ለእኛ ክብር ብሎ የንጋቱን መዝሙር ያዘ። ባሪኤራ አሉ። ከዚያ ሁሉም ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዶሮ ጮኾ እስኪጨርስ ያህል። ከዚያ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻዋን በአልቶ ገባች፤ ሌሎቹ ተከተሏት።

መዝሙሩን ከካሴቱ ነው የለመዱት፤ የዶሮው ድምፅ ካሴቱ ሲገለበጥ ሲገለበጥ ጠፍቶ ዝምታው የመዝሙሩ ይመስላቸዋል። ለካ ኡኬም ቢላም እንዲሁ ነው የሚዘምሩት። የኳየሩ መሪ መጥቶ «ያቺ ዝምታ ግን፣ ምን ዓይነት ጥበብ ናት አዴ!» አላት። አዴ አያንቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እየዘለለ «ጸልየንበት ነው» አለችው። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ በቀስታ «ብትነግሪያቸው ደሞዝሽን እቆርጣለሁ» አለችኝ።

ቡድናችን ብዙ አልቆየም። ወንድሟ ቢላ ላይ ሞቶ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲቀሩ የስፌት መኪናዋን ጭና ሄደች። አንድ ቀን እንኳን «ወይኔ» ስትል አልሰማኋትም፤ «ልጆቹ አራት ናቸው፤ ድምፃቸውን አያለሁ» ነው ያለችው። ኦቦ ገለታም ከዓመታት በኋላ አረፈ። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ፈራሁ።

ዓይኗን ለመታከም ነቀምቴ ስትመጣ እኛ ጋ ታርፍ ነበር። መጨረሻ የመጣች ጊዜ ቦንቱ ገና ተማሪ ነበረች። ዓይኗ ደክሞ ሳለ በእጇ እየዳሰሰች የቦንቱን ትከሻ ለካችና ነጭ ጋውን ሰፋችላት። ስትሰፋም ቦንቱን «እናትሽ በሦስት መዝሙር አንድ ሜትር ከሃምሳ እንደሸሸች ታውቂያለሽ? ለክቼዋለሁ» ትላታለች፣ ሁለቱም ይስቁብኛል።

ያ ነው ረቡዕ ጠዋት ትዝ ያለኝ። ቦንቱ አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።

«አዮ፣ ምንድነው የምታደርጊው?»

«መኪናው ስንት ሰዓት ነው?» አልኳት።

ወደ ጓዳ ገባች። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ከነጠላዋ ሥር ጋውኗንና የምደባ ወረቀቷን ስትከት አየኋት። ያላየሁ መሰልኩ። እሷም ያላየሁ መስዬ እንዳየሁ አወቀች።

መናኸሪያ ኦቦ ቶሌራ ሲያየን «ጉድ ፈላ! ዘርፌ ከቤት ወጣች!» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አዞረብን። መንገዱን ሁሉ የፊቴን ወንበር ብረት ጨብጬ ነው የሄድኩት። አኖ ላይ መኪና ቀየርን። ሁለት ቦታ አስወርደው መታወቂያ አዩ፤ ሁለቱንም ጊዜ መታወቂያዬን ከቦርሳዬ ያወጣችልኝ ቦንቱ ነች። ኦቦ ቶሌራ ከፊት ተቀምጦ ለሾፌሩ የወፍጮ ታሪክ ያወራል። ሾፌሩ ሲደርስ ሁለት ጆሮውን ያሸ ነበር።

ድንኳኑ ትልቅ ነበር። ማታውኑ የወንድሟ ልጅ፣ አሁን እሷም እናት ሆናለች፣ አንድ የጫማ ካርቶን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «አዴ ለአንቺ ነው ያለችው» አለችኝ። ውስጡ የልብስ ሜትሯና ሁለት ካሴት ነው። ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ፊደሏ እንደ ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። አንዱ ላይ «ዘርፌ የጠፋችበት» ይላል። ሌላው ላይ «ዘርፌ የተገኘችበት»።

ያን የተበላሸውን ካሴት ያጠፋችው ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ከቀብር በፊት ሰባኪው ተነስቶ «የአዴ አያንቱ የመዝሙር ጓዶች እዚህ አሉ። የንጋቱን መዝሙር ቢሉልን» አለ። ኦቦ ቶሌራ ወዲያው ተነሳ። እኔ ወንበሬ ላይ ተጣበቅሁ።

«ዘርፌ፣ ተነሺ።»

«ኦቦ ቶሌራ፣ ዜማውን የሚይዝ የለም። እኔና አንተ ምን ልንል ነው? አልቶና ቤዝ ብቻውን መዝሙር አይመስልም።»

«የራሳችንን እንበል። የእሷን ማን ይነካል?»

ቦንቱ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። ወጣን፤ ቦንቱም እንዳልወድቅ ብላ ከኋላዬ ቆመች። ጀመርን። እውነትም አያምርም ነበር፤ ግድግዳ የሌለው ቤት በለው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ከድንኳኑ አንዲት አሮጊት ዜማውን ያዘችልን። ከዚያ ከወዲያ ጥግ ሌላ ሴት። ከዚያ ወንዶቹ። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ካሴቱን ሲሰሙ ያደጉ ናቸው። የአዴ አያንቱ ዜማ ከመቶ አፍ ወጣ።

ባሪኤራ አልን።

ድንኳኑ ዝም አለ። አንድም ሰው አልሳለም። እኔና ኦቦ ቶሌራ ብቻ ነን ያ ዝምታ ምን እንደሆነ የምናውቀው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ነክሷል፣ ይሳቅ ያልቅስ እሱም አላወቀውም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዝምታው በኋላ ማን እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እግሬ፣ ያ የማውቀው እግሬ፣ ወደ ኋላ ሄደ። አንድ እርምጃ። ሌላ ልጨምር ስል ጀርባዬ ቦንቱን ነካ።

ወደ ኋላ ትላለች ብዬ ነበር። ቦንቱ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንዲህ ጠንካራ መሆኗን የዚያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ደገፍኳት። ገባሁ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፣ ይሰነጠቃል፤ ግን ገባሁ። ከላይ መቶው ሰው መጣልኝ፣ ከጎኔ ወፍጮው። ጨረስነው።

ዓርብ ጠዋት ቦንቱ ጋውኗን ለበሰች። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። ጤና ጣቢያው በር ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ ወረቀቷን እኔ ይዤው እንደነበር አየሁ። መቼ ከእጇ እንደወሰድኩት አላውቅም። ሰጠኋት። ካርቶኑን ከፍቼ «ዘርፌ የተገኘችበት» የሚለውንም ካሴት ሰጠኋት።

«አዮ፣ በምን ላዳምጠው? ቴፕ የት አለ?»

«ቴፕ ፈልጊ። ቢላ ትልቅ ከተማ ነው።»

ሳቀች። የምትተኛው አዴ አያንቱ ቤት ነው፤ የወንድሟ ልጅ አልጋውን ራሷ አንጥፋላታለች። ይህን የምጽፈው ሌላ እናት እንዳትወቅሰኝ ነው።

ኦቦ ቶሌራ ሰልስት ድረስ ልቆይ ስላለ ብቻዬን ተሳፈርኩ። ሜትሩንና «ዘርፌ የጠፋችበት»ን ይዤዋለሁ። መኪናው ሊነሳ ሲል ልውረድ ልውረድ አለኝ፤ እጄ በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ረዳቱ «እናት፣ የረሱት ነገር አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ጀርባዬን ወንበሩ ላይ አስደገፍኩ። ስልኬን ደግሞ እንዳልደውል ብዬ ከካርቶኑ ሥር ቀበርኩት። አኖ እስክደርስ አላወጣውም ብዬ ለራሴ ማልኩ፤ መሐላዬንም ጠበቅሁ።

አኖ ላይ አወጣሁት። ሰባት ጊዜ ተደውሏል። ሰባቱም ቦንቱ ናት። ወዲያው ደወልኩ።

«አዮ! ምነው አታነሺም? የት ደረስሽ? መንገዱ እንዴት ነው? ምን ሆነሽ ነው? እንዴት ነው የፈራሁት መሰለሽ!»

ሳቄን ማን ይያዘው፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እስኪዞር ሳቅሁ። ድምፅ አልነበረውም መሰለኝ፤ ትከሻዬ ብቻ ነበር የሚዘለው።

«ቦንቱ» አልኳት፣ «ጠመኔው ላይ ቁሚ።»